ሳይጠሩት አቤት፦ ማስታወቂያ፣ የኢንተርኔት ጨዋታና የሰው ቀልብ

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት የሚነገረው ጥሪ ሳይደርሰው ከሰው ጉዳይ ለሚገባ ሰው ነው። ተረቱን የተረቱት አበው ኮምፒውተርም ሆነ የእጅ ስልክ አላዩም። ሆኖም ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በጅቡቲ አንድ ሰው ዜና ሊያነብ ስልኩን ሲከፍት፣ ገና የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳይጨርስ ከፊቱ የሚጋረጠውን ማስታወቂያ ቢያዩ ስም ለማውጣት አይቸገሩም ነበር። አንባቢው ማስታወቂያውን ሊዘጋ ሲሞክር የመዝጊያዋ ምልክት ከጣቱ ጫፍ ታንስበታለች፤ ስቶ ሲነካው ወደማያውቀው ገጽ ይወሰዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ያነብ የነበረውን ቦታ ያጣዋል።

ነገሩ ተራ የዕለት ብስጭት ይመስላል። ነገር ግን ከብስጭቱ ሥር ጠንከር ያለ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። የሰው ቀልብ የማን ነው? ሰው ሊያነብ፣ ሊማር ወይም ሊጫወት የተቀመጠበትን ጊዜ ሌላው ሳያስፈቅድ ቢወስድበት ድርጊቱ ንግድ ይባላል ወይስ ሌላ ስም አለው? አማርኛ በዚህ ረገድ የራሱን ፍንጭ ይሰጣል። የሰውን ትኩረት በመልካም ነገር መማረክ «ቀልብ መሳብ» ይባላል፤ ቃሉ ምስጋና ነው። አድራጎቱ ከልክ ሲያልፍ ግን «ቀልብ መግፈፍ» ይሆናል፤ «ገፈፈ» ደግሞ ልብስንም ሆነ ገንዘብን ከባለቤቱ ላይ በኃይል ለሚወስድ ሰው የሚነገር ግሥ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በምስክርነት ሊቀርቡ ከሚችሉት መካከል ቀዳሚዎቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ጊክ» የሚሏቸው ሰዎች ናቸው። ስሙ ቀድሞ ለፌዝ ይነገር ነበር፤ ኋላ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከኮምፒውተር የማይለይ፣ መሣሪያውን ፈትቶ ለመግጠም የሚጓጓ ሰው መጠሪያ ሆነ። ኢንተርኔትን ማስታወቂያ ሳይወረው ያወቁት እነዚህ ሰዎች ስለ ዛሬው ሁኔታ ሲናገሩ ምሬት ይበዛባቸዋል፤ ሰሚውም ብዙ ጊዜ «የዱሮ ናፍቆት ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ናፍቆት እንዳለበት አይካድም። ይሁን እንጂ ከእነርሱ መካከል ዛሬ ሰው የሚማረርበትን ነገር በገዛ እጃቸው የሠሩ አሉ፤ የሠሪ ምስክርነት ደግሞ ከናፍቆት ይለያል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል። የኢንተርኔት ዋና አውታር በአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ተቋም ገንዘብ በሚተዳደርበት ጊዜ፣ አውታሩ ለምርምርና ለትምህርት የታሰበ በመሆኑ የንግድ አጠቃቀም በደንብ የተገደበ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 በጄኔቭ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሰርን፣ ዛሬ ድረ ገጽ የሚባለው ሁሉ የቆመበትን ቴክኖሎጂ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። ልክ በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1994፣ በአሪዞና የሚኖሩ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ውስጥ ለሚገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች አንድ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ በተኑ። የማስታወቂያው ጉዳይ ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ዲቪ ነበር። ጠበቆቹ የአሜሪካን የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ማመልከቻ በክፍያ እናዘጋጅላችኋለን አሉ፤ ማመልከቻው ግን ማንም ሰው ያለ ጠበቃ ራሱ በፖስታ ሊልከው የሚችል ነበር።

ቁጣው ወዲያው ነደደ። የተቃውሞ መልእክቱ ብዛት የአገልግሎት ሰጪያቸውን ኮምፒውተር እስከ ማቆም ደረሰ፤ ኩባንያውም ደንበኝነታቸውን ሰረዘ። ጠበቆቹ ግን አልተጸጸቱም፤ ይልቁንም በኢንተርኔት ሀብት ስለሚፈራበት መንገድ መጽሐፍ ጻፉ። የካንተር የጥብቅና ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1997 በቴኔሲ ግዛት ሲሰረዝ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ማስታወቂያ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዲቪ የሚፈልግ ሰው አልጠፋ ይሆናል። ሰውን ያስቆጣው መረጃው ሳይሆን አገባቡ ነው። ሌላ ጉዳይ ሊነጋገሩ በተሰበሰቡ ሰዎች መካከል፣ «ንግግራችሁን በማር ልቁረጠው» እንኳ ሳይል፣ አንድ ሰው ገብቶ ዕቃውን ዘረጋ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን ሆትዋይርድ የተባለው የድረ ገጽ መጽሔት «ባነር» የሚባለውን ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ አስተዋዋቂዎች አንዱ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ነበር። ባነር በገጹ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ከጽሑፉ ጎን ቆመ እንጂ ከጽሑፉ ፊት አልቆመም። ከጋዜጣ ማስታወቂያ ብዙም አይለይምና ያንን የሚያወግዝ ጥቂት ነው። የከፋው ነገር የመጣው በኋላ ነው።

ኢታን ዙከርማን የተባለው አሜሪካዊ በ1990ዎቹ ትራይፖድ በሚባል ድርጅት ውስጥ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ድርጅቱ ማንም ሰው የራሱን ገጽ እንዲከፍት በነፃ ቦታ ይሰጣል፤ ገቢው ማስታወቂያ ነበር። አንድ ቀን አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውር በሚታይበት ገጽ ላይ ወጥቶ አገኘና ተቆጣ። መፍትሔ ተፈለገ፤ ማስታወቂያው ከገጹ ጋር የተያያዘ እንዳይመስል ለብቻው በሌላ መስኮት ይከፈት ተባለ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ የጻፈው ዙከርማን ነበር። በኋላ «ፖፕ አፕ» ተብሎ ዓለምን ያሰለቸው፣ ሳይጠሩት ብቅ የሚለው ማስታወቂያ ልደቱ ይህ ነው። ዙከርማን እ.ኤ.አ. በ2014 በአትላንቲክ መጽሔት ላይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሐሳባችን መልካም ነበር ሲልም አከለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የመኪና ኩባንያው ስሙን መጠበቁ ነውር አይደለም። ድርጅቱ ገቢውን መፈለጉም ተገቢ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው የታዘዘውን ሠራ። ሦስቱም ተመካክረው ሦስቱንም የሚያስማማ ዘዴ አገኙ። በምክክሩ ላይ ያልነበረው አንባቢው ብቻ ነው፤ ዋጋው የተከፈለው ግን ከእርሱ ቀልብ ነው። የጣልቃ ገብ ማስታወቂያ የሥነ ምግባር ጉድለት በዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉድለቱ ማስተዋወቅ ላይ ሳይሆን፣ በሌለ ሰው ንብረት ላይ ውል መዋዋል ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ውሉ እየጠበቀ ሄደ። ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የፍለጋ አገልግሎት ከፈላጊው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው ማድላቱ እንደማይቀር ጽፈው ነበር። ያቋቋሙት ጉግል ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የራሱን የማስታወቂያ አገልግሎት ከፈተ፤ በ2008 ደግሞ ደብልክሊክ የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት በ3.1 ቢሊዮን ዶላር የመግዛቱን ሂደት አጠናቀቀ። ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ድረ ገጽ ጎብኚውን እንዲያስታውስ ብሎ የፈጠራት «ኩኪ» የምትባል ትንሽ መዝገብም ሰውን ከገጽ ወደ ገጽ ለመከተያ ዋለች። ማስታወቂያው በር ከፍቶ መግባቱ ሳያንስ፣ አሁን ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚከታተል ሆነ።

የጨዋታው ዓለም ታሪክም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። በብዙ ሰዎች መካከል በአውታር የሚካሄድ ጨዋታ ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል የጀመሩት ሲሆን፣ ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» የመጀመሪያውን ክፍል በነፃ ይሰጥና የወደደው ሰው ቀሪውን እንዲገዛ ይጋብዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ወርኃዊ ክፍያ አስከፈለ። እነዚህ ሁሉ ንግድ ናቸው፤ ነገር ግን ዋጋቸው ከበሩ ላይ የተጻፈ ንግድ ነው። ቀምሶ የሚገዛ ይገዛል፣ የማይፈልግ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ «ነፃ» የሚለው ቃል መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዚንጋ የተባለው ኩባንያ በፌስቡክ ላይ «ፋርምቪል» የተባለውን የእርሻ ጨዋታ ከፈተ። ለመግባት ክፍያ አልነበረም። ነገር ግን የተዘራው ሰብል በተወሰነ ሰዓት ካልታጨደ ይደርቃል፤ መጠበቅ የማይወድ ገንዘብ ከፍሎ ያፋጥናል፤ መክፈል የማይወድ ደግሞ ወዳጆቹን በጥያቄ ያስቸግራል። ገበሬ ወቅት ጠብቆ ወደ ማሳው ይወጣል፤ በዚህ ጨዋታ ግን ማሳው ገበሬውን ከእንቅልፉ ይጠራው ነበር። በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ጨዋታው በፌስቡክ ላይ ሲዘጋ ማሳውም ከብቱም አብሮ ጠፋ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል የተፈጸመበት ዘመን የለም።

ከዚህም የባሰው ይዘቱ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚከፈተው የዕጣ ሣጥን ነው። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በአንዳንድ ታዋቂ ጨዋታዎች ውስጥ ያሉት እነዚህ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወሰነ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ «ፎርትናይት» የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ፣ የልጆችን የግል መረጃ ሕግ ጥሷል፣ ተጫዋቾችንም ሳይፈልጉ እንዲገዙ በሚያደርግ አሠራር ተጠቅሟል በሚል ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለቀረበበት ክስ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ መጫወትንና መጨዋወትን። ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ጠጠር ይቆጥራሉ፣ ወሬም ያወራሉ፤ ጠጠሩ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል፣ ተሸናፊውም እየሳቀ ይነሣል። ጨዋታ ማለቂያ አለው፤ ማለቂያ ያለው በመሆኑም ሰው ወደ ሥራው፣ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ማለቂያ እንዳይኖረው ታስቦ የተሠራ ጨዋታ ግን ተጫዋቹን እንግዳ ሳይሆን ምርኮኛ ያደርገዋል። ጣልቃ ገብ ማስታወቂያና እንዲህ ያለው ጨዋታ ወንድማማቾች የሚሆኑት በዚህ ነው፤ አንደኛው ሳይጠሩት ይገባል፣ ሌላኛው የገባውን አያስወጣም።

ይህን የተረዳና በተግባር የመለሰ አንድ ሠሪ አለ። በሐኖይ የሚኖረው ቬትናማዊ ዶንግ ንጉየን እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 «ፍላፒ በርድ» የተባለች ቀላል ጨዋታ አወጣ፤ አንዲት ወፍ በቧንቧዎች መካከል ሳትጋጭ እንድታልፍ ማድረግ ነው። በ2014 መጀመሪያ ጨዋታዋ በብዙ አገሮች በብዛት ከሚወርዱት ቀዳሚ ሆነች፤ ከማስታወቂያ ብቻ በቀን 50,000 ዶላር ያህል እንደምታስገባም ተነገረ። ንጉየን ግን በፌብሩዋሪ 2014 ጨዋታዋን ከገበያ አነሣት። የሠራት ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ለጥቂት ደቂቃ እንዲጫወትባት መሆኑን፣ ሰዎች ግን ሊላቀቋት የማይችሉ ሱስ እንደሆነችባቸው ተናገረ። ገንዘቡ ሕጋዊ ነበር፤ ከሳሽም አልነበረውም። የከሰሰው ኅሊናው ብቻ ነው። እርሱ ቢተዋትም እ.ኤ.አ. በ2024 ሌሎች ሰዎች ስሟን ይዘው ሊመልሷት ተነሡ፤ ንጉየንም ከእነርሱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አስታወቀ። የአንድ ሰው ኅሊና ለብቻው በር ሊዘጋ እንደማይችል ይህ ያሳያል፤ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። ማስታወቂያ ባይኖር ኖሮ ዜናው፣ ትምህርቱ፣ ካርታውና ጨዋታው ሁሉ በገንዘብ ይሆን ነበር። መክፈል የሚችለው በማስታወቂያ መማረሩ ቀላል ነው፤ የባንክ ካርድ የሌለው ተማሪ ግን ዓለምን የሚያየው በዚሁ ማስታወቂያ በተከፈለ መስኮት ነው። እንዲያውም ማስታወቂያን የሚከለክል ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው፣ ድግስ በልቶ ዕቁብተኛው ሲሰበሰብ እንደሚሰወር ሰው ነው የሚሉም አሉ።

ክርክሩ እውነት አለው፤ ግማሹን ግን ይሸፍናል። በምሥራቅ አፍሪካ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው አስቀድሞ በከፈለው ጥቅል ነው። ሳይጠራ የሚከፈተው የማስታወቂያ ቪዲዮ የሚበላው ይህንኑ ጥቅል ነው። በመሆኑም ድሃው ማስታወቂያውን በነፃ አያየውም፤ ከፍሎ ያየዋል። ሀብታሙ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ከማስታወቂያ የጸዳውን ሲገዛ፣ ድሃው በጥቅሉ፣ በስልኩ ባትሪና በጊዜው ይከፍላል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የሚተረትበት ለዚህ ነው። «ነፃ» የተባለው ዋጋ የሌለው ሳይሆን ዋጋው ያልተነገረ ነው። ድግስ ሲባልም፣ ለድግስ ሰው ተጠርቶ ይሄዳል፤ የመዋጮውን ልክም አስቀድሞ ያውቃል።

ታዲያ መለኪያው ምን ይሁን? በኢትዮጵያ መንደሮች ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ጥሪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን በአንድ ቃል ይናገራል። ቤቱ ባለቤት እንዳለው ያውቃል፤ ባለቤቱ «ግቡ» ሊል ወይም ላይል እንደሚችል ይቀበላል፤ ከገባም በኋላ መሄጃው ሲደርስ ይሄዳል። ለማስታወቂያና ለጨዋታም ይኸው መለኪያ ይበቃል። ጠይቆ የሚገባ፣ እምቢታን ያለ ተንኮል የሚቀበል፣ መውጫውንም በግልጽ የሚያሳይ ሁሉ ነጋዴ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። የመዝጊያ ምልክቱን የደበቀ፣ «አልፈልግም» የሚለውን ቃል በትንንሽ ፊደል የቀበረ፣ ተጫዋቹ ሊተኛ ሲል ሰብሉ ሊደርቅ ነው እያለ የሚያስፈራራ ግን የቤቱን ባለቤትነት የካደ ነው።

ጠባቂ መቅጠርም ብቻውን አያድንም። ማስታወቂያን ለመከልከል ከተሠሩት ሶፍትዌሮች እጅግ የታወቀው «አድብሎክ ፕላስ» እ.ኤ.አ. በ2011 ጨዋ ናቸው ያላቸውን ማስታወቂያዎች ማሳለፍ ጀመረ፤ ማስታወቂያቸው እንዲያልፍላቸው ትልልቅ ኩባንያዎችም ይከፍሉት ጀመር። ሐሳቡ ማስታወቂያን ጨዋ ማድረግ ነው ተባለ፤ ከኩባንያዎቹ የሚበዙት ሳይከፍሉ እንደሚያልፉም ተገለጸ። ይሁን እንጂ ከሚገባው ገንዘብ የሚቀበል ዘበኛ ለማን እንደሚሠራ መጠየቁ አይቀርም።

ስለዚህ ማኅበረሰብ በሕግም ሊናገር ይገባል፤ የተናገረባቸው ቦታዎችም አሉ። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ ከ2007 ጀምሮ የውጭ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ከአደባባይዋ አነሣች፤ ንግዷ ግን ቀጠለ። በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ የኬንያ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ በኤፕሪል 2025 የቁማር ማስታወቂያዎችን ሁሉ ለ30 ቀናት አገደ። ሠላሳ ቀን አጭር ነው። ነገር ግን የሰው ዓይን ሁሉ ለከፈለ ክፍት የሆነ ገበያ እንዳልሆነ በአደባባይ ተነግሮበታል።

ሕግ ከሚደርስበት በፊት የሚደርስ ግን ሠሪው ነው። ዛሬ በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባ፣ በካምፓላና በኪጋሊ የስልክ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ እነርሱም በተራቸው ጊክ የሚባሉ ናቸው። አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶ ማስታወቂያው ከጽሑፉ ፊት ይቁምልኝ፣ ተጫዋቹም እንዳይወጣ መውጫው ይራቅ ይላቸዋል። የሚጠይቀው ክፉ ሰው አይሆንም፤ ክፍያውም የቤት ኪራይ የሚሸፍን ይሆናል። በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የማይገኘው ስልኩን ይዞ በታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው፣ ከቀረችው ጥቅል ላይ ልጁ የላከለትን ፎቶግራፍ ሊያይ የሚሞክረው ሰው ነው። ስለ እርሱ ሊናገርለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እርሱም ትእዛዙን ሊጽፍ ጣቱን ከቁልፎቹ ላይ ያኖረው ወጣት ነው።